ቼኮቹ ይሻላሉ ወይስ እኛ ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ቴዎዶሚሮ፣ አኮባምባ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ቁልቁለቱን ስትወርድ የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ እያነከስክ ነው? እትዬ ኤርሜሊንዳ እንዴት ናት? ሳሏ ለቀቃት? ዊልደርና ኔሪስ? ውርጩ ዘንድሮ አበባውን አልነካባችሁም? እኛ የደብራችን የሙሩዋይ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ፎርቱናቶም፣ ልጃችን ሉሲላም፣ እኔም ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። የጎደለብን ነገር ነበር፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ተናደድኩ፣ በሦስተኛው አለቀስኩ። እዚህ በርዊን የሞተውን የጎረቤታችንን የኤውሴቢዮን ሬሳ ከሊማ አውሮፕላን ማረፊያ ተረክበህ ዳገቱን ያወጣኸው አንተ ነህ። አሥራ ስምንት ቀን በረዶ ቤት የቆየ ልጇን እናቱ «ክፈቱልኝ፣ ፊቱን ልየው» ስትል ምን እንደምትመልስላት እንደጠፋህ ጽፈህልኛል። ቀጥለህም እንዲህ አልከኝ፦ «ሃያ ዓመት ሠርታችሁ አንድ ሰው መቅበር ያቃታችሁ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? የምታስታምሚያት የቼክ አገር አሮጊት ወገኖች ባዶ እጃቸውን ገብተው የቤትና የንብረት ጌታ ሆኑ ትያለሽ። እናንተስ? በሰው ምድር ቤት ከምትኖሩ ለሙሩዋይ ጌታ የግንቦት ክብረ በዓል ጠቅልላችሁ ግቡ።» መልሴንም ከገና በፊት እንድጽፍልህ አዘሃል። እሺ፣ እመልስልሃለሁ። ግን አታቋርጠኝና መጀመሪያ ስማኝ።

የእኛ ሰው ሲቸግረው የሚያውቀው ፖያዳ ነው። ቲኬቱ ቀድሞ ይሸጣል፣ ዶሮው በቀይ በርበሬ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በማግስቱ ይጠበሳል፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ የገዛውም ያልገዛውም መጥቶ ይበላል፣ ይጨፍራል። ልጅ ሲታመም ፖያዳ፣ ጣራ ሲያፈስ ፖያዳ። ለኤውሴቢዮም ሁለት ቅዳሜ ጠበስን፤ አንዱ ስላልበቃ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ እጄ በዘይት ተነክሮ ቆሜ ሰው ሲጨፍር አየሁ፤ ሟቹ ደግሞ በረዶ ቤት ተኝቷል። የምሸጠው የዶሮ ጭን ሳይሆን የእሱ ጭን መሰለኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስለዚህ አንተ ከመቆጣትህ በፊት እኔ ራሴን ተቆጥቼው ነበር።

አሁን ደግሞ ቼኮቹን ልንገርህ። የማስታምማቸው፣ የምንኖርበትም ምድር ቤት ባለቤት ወይዘሮ ቭላስታ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አንድ ቦርሳ ይዘው ጫካ ለጫካ ድንበር አቋርጠው የወጡ ሴት ናቸው። ከእሳቸው በፊት የመጡት ልብስ ሰፊዎችና ድንጋይ ፈላጮች ያቋቋሙት «ሊፓ» የሚባል እድር አላቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዋጥተውበታል። የመቃብራቸው ድንጋይ ሳይቀር ቆሟል። ስማቸውና የተወለዱበት ዓመት ተቀርጿል፣ የሚሞቱበት ዓመት ቦታው ባዶ ነው። በየበልጉና በየመኸሩ ወስጄያቸው በቡርሽ ያጥቡታል። «ለምን ተቻኮሉ?» ብላቸው፣ «ቀራጩ እጁ ወርቅ ነው፣ ግን አስም አለበት፤ ቀድሞኝ ቢሞትስ ብዬ ነው» አሉኝ። እውነትም ቀራጩ ሞተ፣ እሳቸው አሉ።

ታዲያ ይሻላሉ? ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ጡረታቸው አይጓደልም፣ ዕዳ የሚባል አያውቁም። ባለፈው ፋሲካ ግን ስልካቸው አንድ ጊዜ ነው የጮኸው፤ እሱም መድኃኒት ቤቱ ነበር። ከታች በእኛ ቤት ደግሞ ወንበር ሳይበቃ ቀርቶ ሰው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ይበላ ነበር። ቼክ ሁሉ ባለቤት አይምሰልህ ደግሞ። ከፎርቱናቶ ጋር ሴራሚክ የሚያነጥፈው ራዴክ ቪዛው ካለቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በጋ በጋ መኪናው ውስጥ ያድራል። የእኛም ሰው ሁሉ ምድር ቤት አይኖርም፤ ባለ ግቢ ቪላ ያለው የጥርስ ሐኪም አለን፣ ፖያዳ ስንጠራው ሁልጊዜ ስብሰባ አለበት። ስለዚህ ጥያቄህ እንደ ጨርቅ በክንድ የሚለካ አልሆነልኝም። እኔ የታየኝ፣ እነሱ ዘንድ ያለው እኛ ዘንድ እንደሌለ፣ እኛ ዘንድ ያለውም እነሱን እንደራባቸው ነው።

ከሊፓ የቀሩት አሥራ አንድ ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው። ከአሥር ካነሱ እድሩ ይዘጋል። ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። «እኛ ሠላሳ ቤተሰብ ነን፤ ለምን አታስገቡንም?» አልኳቸው። ወይዘሮ ቭላስታ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡ። «ደንቡ ቼክ ብቻ ይላል። ግን ደንቡን የጻፉት በሙሉ ሞተዋል፤ ያሉትን እንጠይቃቸው» አሉ።

ፎርቱናቶን ታውቀዋለህ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሞትን በስሙ ጠርተሽ ቤት ልታስገቢው ነው እንዴ?» አለኝ። «በኤውሴቢዮ ላይስ ማን ጠራው?» አልኩት። ባርኔጣውን ይዞ ወጣ። የስብሰባው ቀን ሲደርስ ግን ከእኔ ብሶ ተገኘ። የአበባ ገበሬ አማች ሆኜ እንዴት ባዶ እጄን እገባለሁ ብሎ ጅምላ ገበያ ሄዷል። ለአሥራ አንዱም አዛውንት ደርዘን ደርዘን ነጭ የክሪሳንተመም አበባ አስጠቅልሎ፣ በሪባን አሳስሮ፣ መኪናውን ሞልቶ መጣ። እኔም ኮራሁበት። አንተስ ለክብር እንግዳ ከደርዘን አጉድለህ ሰጥተህ ታውቃለህ?

አዳራሹ ገብተን ፎርቱናቶ እየዞረ፣ እየሰገደ፣ ለእያንዳንዳቸው አስታቀፋቸው። ሊቀመንበሩ አቶ ዘሌንካ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አበባውን ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዲት አሮጊት እቅፉን እንደ ትኩስ ድስት ከጭናቸው ወደ ወንበር አዛወሩት። እኔ ምን እንዳጠፋን አልገባኝም። ወይዘሮ ቭላስታ በጆሮዬ ነገሩኝ፦ በእነሱ ዘንድ በሕይወት ላለ ሰው ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ጥንድ ቁጥር፣ ያውም ነጭ ክሪሳንተመም፣ መቃብር ላይ ነው የሚቀመጠው። በአጭሩ ለእድር ሰዎች የየራሳቸውን የቀብር አበባ አስታቅፈናቸዋል!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወይዘሮ ቭላስታ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከእቅፋቸው አንዱን ዘለላ መዘው ለፎርቱናቶ መለሱለትና፣ «እንካ ልጄ። አሁን አሥራ አንድ ሆነ፤ ገና አልሞትኩም» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዘሌንካ ነበሩ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዘለላ እየመዘዙ ለባሌ መለሱለት። እሱም ቲማቲም መስሎ፣ አበባውን ታቅፎ፣ ሙሽራዋ እንደቀረችበት ወንድ መሀል አዳራሹ ላይ ቆመ።

ከሳቁ በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ነጭ ጠጠር እሺታ፣ ጥቁር ጠጠር እምቢታ ነው፤ ሦስት ጥቁር ከወጣ አይሆንም። እንዲህ አብሮ የሳቀ ሰው ጥቁር አይጥልም ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። አራት ጥቁር ወጣ። አቶ ዘሌንካ ቅር እያላቸው ነው የነገሩኝ። «ክፋት አይምሰልሽ። አንዳንዶቻችን መጽሐፉ በጀመረበት ቋንቋ እንዲዘጋ እንፈልጋለን» አሉኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው እንዲህ ያሉት። ልቆጣቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ወደ ቤት ስንመለስ ፎርቱናቶ፣ «አየሽ? ፖያዳችን ምን አጠፋ?» አለኝ። ባሌን መቆጣት ግን አላቃተኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ቭላስታ ደወል ደውለው አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የሊፓን የመጀመሪያ መዝገብ ዘርግተዋል። የፊት ገጹን ጣታቸውን እያስኬዱ ተረጎሙልኝ። ድንጋይ ፈላጭ የነበረ አንድ ሰው ሞቶ፣ ጓደኞቹ ቢራ ቤት ለቢራ ቤት ባርኔጣ እያዞሩ ለምነው ሲቀብሩት ሁለት ሳምንት እንደፈጀባቸው፣ እፍረቱም እድሩን እንዳስጀመራቸው ይላል። ገጹን አይቼ ቀና ስል እሳቸውም እያዩኝ ነው። «እነዚህ ሲጀምሩ ከእናንተ አይሻሉም ነበር። የሚያስገባሽ ካጣሽ የራስሽን ሥሪ» አሉኝ።

ሠራሁ፣ ወንድም ጋሼ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን የታችኛውን ክፍል ለምኜ ሕዝቤን ሰበሰብኩ። «ዶሮው የታለ?» አሉ። ዶሮ የለም ስላቸው ግማሹ ኮቱን አነሣ። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። «አኮባምባ አበባ ሲደርስ በወንፈል አይደል የምንለቅመው? ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ ብለን። ለአበባ ወንፈል የምንገባ ሰዎች ለሬሳችን ለምን ቲኬት እንሸጣለን? ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፣ ዛሬ በጤናችን በየወሩ እኩል እናዋጣ። የማይፈልግ በላዬ ላይ ተራምዶ ይውጣ» አልኳቸው። ማንም አልተራመደብኝም። አንዱ ከኋላ፣ «እንዲህ ወፍራ በሩን ዘግታው እንዴት እንወጣለን?» ብሎ አሳቃቸው። ራዴክም ከፎርቱናቶ ጋር መጥቶ ነበር፤ እኔስ አልሞትም እንዴ ብሎ ተመዘገበ።

ልንጨርስ ስንል ወይዘሮ ቭላስታ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ደረጃውን ወረዱ። ስማቸውን እንድጽፍ ጠየቁኝ። ባሌ በጆሮዬ፣ «ተይ እንጂ! ነገ ቢሞቱስ? እድሩ ጡት ሳይጥል ኪሱ ሊራገፍ ነው» አለ። እሳቸው ጆሯቸው እሳት ነው፣ ሰሙት። «ከኪሳችሁ ምንም አልፈልግም። የምቀበርበት አለኝ፣ ድንጋዬም ቆሟል። እንደ ሰው ሁሉ አዋጣለሁ። ባሌን ስቀብር ሾፌሩን ጨምሮ አምስት ነበርን። እኔ ስሞት እናንተ ኑልኝ። ምግብ ይዛችሁ፣ ጫጫታችሁንም ይዛችሁ ኑልኝ» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። ፎርቱናቶ እርሳሱን ከእጄ ነጥቆ ስማቸውን ራሱ ከሁሉ ስም በላይ ጻፈ።

መዝገቡን የገለበጥነው ከሊፓ ነው፤ ለሁሉም ሰው የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለው፦ የት ትቀበራለህ? ሕዝቡ የየአገሩን ስም አስጻፈ፤ ታርማ፣ ሃውሃ፣ ሁዋንካዮ። ፎርቱናቶ ሳያቅማማ አኮባምባ አለ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ የመጨረሻዋም እኔ ነበርኩ። እጄ እንደለመደው አኮባምባ ሊጽፍ ጀምሮ ነበር። ሉሲላ ከኋላዬ ቆማለች። አልነገርኩህም፣ መጋቢት ላይ ልትወልድ ነው። ኤውሴቢዮን ያንን ሁሉ መንገድ የላክነው እናቱ እዚያ ስላለች ነው። የእኔ ልጅ ያለችው እዚህ ነው። የጀመርኩትን ሰርዤ የምንኖርባትን ከተማ፣ በርዊንን ጻፍኩ።

ወንድም ጋሼ፣ መልሴ ይህ ነው። ተቸግሬ አይደለም የምቀረው፣ ኮርቼባችሁም አይደለም። የጀመርኩትን ትቼ ብመጣ በሚቀጥለው ሰው ቀብር እንደገና ዶሮ ይጠበሳል፤ ያንን አልፈቅድም። የእርሻዬን ድርሻ ከእንግዲህ አትጠብቅልኝ፤ አንተ ዝራበት። ከእማማ መቃብር አጠገብ የያዝክልኝን ቦታ ደግሞ ለእትዬ ኤርሜሊንዳ ስጣት። ይህን እንደማይከብደኝ አድርገህ አታንብበው። ለግንቦት ክብረ በዓል እመጣለሁ፤ እንግዳ ሆኜ፣ በአንድ ሻንጣ። ልትቆጣኝ ከፈለግህ ያኔ ፊት ለፊት ተቆጣኝ።

እትዬ ኤርሜሊንዳን በእኔ ስም እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ቦታውን ሰጠሁሽ ማለቴ ሞት ጠራሁብሽ ማለት እንዳልሆነ አስረዳት። ዊልደር ትምህርቱን እንዳይተው ንገረው። ለኔሪ የጠየቀችኝን ጫማ አግኝቼላታለሁ፤ የእግሯን ቁጥር እንደገና ትላክልኝ። ባለ ወፍጮው አጎታችንን ሰላም በልልኝ። ፎርቱናቶና ሉሲላ እጅ ይነሳሉ፤ ወይዘሮ ቭላስታም፣ ሳያውቁህ፣ ለአበባ ገበሬው ሰላምታ አድርሺ ብለውኛል። የኤውሴቢዮን እናት ጉልበቷን ስመህ ልጇን ስላስጠበቅናት ይቅርታ ጠይቅልኝ። ሌላ እናት እንዲህ እንዳትጠብቅ እኔም ፈርሜያለሁ በላት።

እኅትህ ኔሊዳ
በርዊን፣ ኢሊኖይ
ኖቬምበር 21 ቀን 2018