የታሰረው ውሻ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ዛሬ የወላጆች ቀን ነበር። እንደ ልማዴ መድረክ ላይ ወጥቼ ግጥም አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!

ግጥሙ ቤተሰቡ ሲሸሽ ደጅ እንደታሰረ ስለቀረ ውሻ ነው። ታሪኩ የኔ አይደለም። ተማሪዬ ዘነበች፣ የተፈናቃዮች መጠለያው ውስጥ የምትኖረው፣ ድርሰት ደብተሯ ላይ የጻፈችው ነው። መጨረሻው ላይ «ለእማዬ ግን ፈትቼዋለሁ ነው ያልኳት» ይላል። ከአስር ዘጠኝ ሰጥቼ «በርቺ» ብዬበታለሁ።

የልጅቷን ስም አልጠራሁም። ያቺን መጨረሻም አላስገባኋትም። የውሻውን ስም፣ መቻልን፣ ግን ቤት ስለመታልኝ እንዳለ ተውኩት።

እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ጭብጨባው ሲያበቃ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ፈትቼዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አሏት። ዘነበች ግን እኔን ነው ያየችኝ።

ሰው ሲበተን በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ደብተሬን ይስጡኝ።»

ግጥሙን እስክጨርስ ብዬ እኔ ጋ ያስቀረሁትን ማለቷ ነው። አውጥቼ ሰጠኋት።

«እናትሽን ላናግራቸው?»

«አይ፣ ይተዉት» ብላ ሄደች።

ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቹን «የልባችሁን ጻፉ፣ ከኔ በቀር የሚያየው የለም» ስል ኖርኩ።

ቤት እንደገባሁ ግጥሙን ልቅደደው ብዬ ገለጥኩት። አልቀደድኩትም። መድረክ ላይ ሳነበው የጎረበጠኝን አራተኛውን ስንኝ አስተካክዬ ከደንኩት።