የሊማሊሞው ፍሪጅ

ልጄ ማንያዘዋል፣

አምላክ በሰው አገር ሞገስ ሆኖ ይቁምልህ፤ ለእኛ የዘረጋኸው እጅህ አይንጠፍ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ አምሯል። የጎረቤታችን የገዱ በቅሎ አርጅታም መራገጥ አልተወችም፤ ባለቤቷም እንደዚያው።

የላክኸው የመኪና ፍሪጅ ከነባትሪው ደርሷል። አባትህ መጀመሪያ «ደባርቅ ራሷ ፍሪጅ አይደለችም ወይ?» ብሎ ሳቀብህ። ከሊማሊሞ በታች ያለው ሙቀት ግን ቀልድ አያውቅም። ዛሪማ ላለችው እህቱ፣ ለአክስትህ ለአምሳል፣ የስኳር መድኃኒቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚወስድላት፤ አሁን ቀዝቅዞ ይደርስላታል።

ልማዱን ታውቃለህ። ሊማሊሞ አፋፍ ሲደርስ ነዳጅ ለመቆጠብ የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ነው ቁልቁለቱን የሚወርደው። እኔ ለመንሁት፣ የንስሐ አባቱ ገሠጹት፤ እሱ «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው» እያለ ወረደ። እኔም እስኪመለስ ድረስ ዳዊት ስደግም አረጀሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬው ብሄድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አልሁት።

«ሞተሩ ከጠፋ ባትሪው አይሞላም፤ ባትሪው ካልሞላ የአምሳል መድኃኒት ይበላሻል። ይህን ያህል ዘመን ፊዚክስ አስተምረሽ ይህ ይጠፋሻል?» አለኝ።

 መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ ባትሪው ቤት ውስጥ ተሞልቶ ከወጣ፣ ሞተር ቢጠፋም ፍሪጁን ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዛል። ለራሱ ነፍስ ያልሳሳ ሰው ለእህቱ መድኃኒት ሲሳሳ ግን፣ ምን ብዬ ላርመው?

ኪዳነ ምሕረት ከጥላዋ አታውጣህ፤ ልጅ ወልደህ ለመሳም ታብቃኝ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንህ፤ አባትህ ደውሎ ስለ ባትሪው ከጠየቀህ «እማዬን ጠይቃት» በለው።

እናትህ ሸጊቱ