ኩልሱም ያጠበችው ብናኝ

ውድ ሙክታ፣

ስልክ ብደውልልሽ እንደ ልማዴ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አድርጌ፣ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የዳካው መርከብ ጸሐፊ ነገ ጠዋት በእጅሽ ያስረክብሻል። ቅዳሜ እዚያ ዳካ ደንበኞችሽ ፊት ቆመሽ የሎሚ ችግኞቹ ለምን እንደደረቁ ከመናገርሽ በፊት አንብቢው። ልትነግሪያቸው ያሰብሽው ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ ያንቺ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ኩልሱም የኮኮናቱን ብናኝ አጥባ ነበር። ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

የችግኝ አፈራችንን ከእኔ ይልቅ አንቺ በሂሳብ ታውቂዋለሽ። ደለሉ በጀልባ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይደቃል፣ በወንፊት ይነፋል። ፍጉ ሦስት ወር ይበሰብሳል። የኮኮናቱን ብናኝ ገመድ ሠሪዎቹ በነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ይሰጡናል፤ ውድ የሚያደርገው ማጠቡ ነው። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ የባሕሩ ጨው እስከ እኛ ቦይ ይወጣል፣ እዚያ የተነከረው የኮኮናት ልጣጭም ጨዉን ጠጥቶ ይቀመጣል። አንዲት ሴት በኩሬ ውሃ ቀኑን ሙሉ ብታጥብ ከስምንት ጆንያ አያልፍላትም። ለሃያ አራት ጆንያ አንድ ተጨማሪ ውሃ ማለት ሌላ ሦስት ቀን ነው። አንቺም ጠዋት ጠዋት ደብተርሽን ይዘሽ፣ "አጎቴ፣ የአንዱ ከረጢት አፈር ዋጋ ከአሥራ ሁለት ታካ ካለፈ የከተማው ሱቅ ይበላናል" ትይኛለሽ። እያሳበብኩብሽ አይደለም። ትንሽ ብቻ ነው።

ያን ቀን ኩልሱም ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ጠራችኝ።

"ጋሼ ቶፋዘል፣ ይሄ ገና ነው። አንድ ውሃ ይቀረዋል።"

"የቀረውስ ያንቺ የቀን ሂሳብ ነው" አልኳት። ከብናኙ ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ ጣል አደረግሁና ምራቄን ተፋሁ። "ማር ነው። ይሞላ።"

"ልጅቷ ትጠየቅ እንጂ" አለች፣ አንቺን ማለቷ ነው።

"ልጅቷ ማንን ልትጠይቅ? እኔኑ አይደል?"

ምላሴ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሞቷል። አርባ ዓመት ሙሉ በፓን ቅጠል ጠቅልዬ ያኘክሁት ኖራ ይሁን እርጅና፣ አላውቅም። ያወቅሁት አክስትሽ የሠራችውን ዓሣ ጣቴን እየላስኩ ሳመሰግን ነው። ቀና ስል ሁላችሁም ሳህናችሁን ገፍታችሁ ነበር፤ ለካ ጨው ሁለት ጊዜ ተጨምሮበታል። እናንተ እየቀለድኩ መሰላችሁ። እኔም እየቀለድኩ እንደሆነ አስመሰልኩ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ከዚያ ቦይ እስከዚህ ቦይ ብናኝ የገዛ ሁሉ "ቶፋዘል ይቅመሰው" ብሎ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤት ያልጨረሰ ሰው በአንድ ነገር ሲታመን ያንን ነገር መልቀቅ ይከብደዋል።

በተተከሉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የዘጠኝ መቶ የሎሚ ችግኝ ቅጠል ዳር ዳሩን ቡናማ ሆነ። ሰበሰብሽን።

"ማነው ያጠበው?" አልሽ።

"እኔ ነኝ" አለች ኩልሱም፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቀጥ ብላ ነው ያየችኝ። እኔ ፓኔን ከግራ ጉንጬ ወደ ቀኝ አዛወርኩ።

"እትዬ ኩልሱም፣ ሳታጥቢ ነው የዘጠኝ ቀን ሂሳብ የወሰድሽው?"

የሳሪዋን ጫፍ ከወገቧ ፈትታ፣ ውሃውን ጨምቃ ሄደች። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ፣ በቦዩ ላይ ሥራ የሚሰጣት የለም። ሰነፍ ሠራተኛ ሲያዩ "የኩልሱም እጥበት" ይላሉ፣ ሰምተሻል። ያንን ተረብ ማን እንደጀመረው ግን አታውቂም። ጀልባ ማቆሚያው ጋ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት። ሁሉም ሳቀ። ቀለል አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ በሦስት ሳህን ውሃ አቅርባ ጠበቀችኝ፤ ከመንገድ አይታኛለች።

"ቅመሱ" አለችኝ።

"እንግዳ በውሃ ነው እንዴ የሚሸኘው?"

"ቅመሱ፣ ጋሼ።"

ቀመስኩ። የመጀመሪያው የኩሬ ነው አልኩ። ሁለተኛው የዝናብ። ሦስተኛው ጨው አለበት፣ "የባልሽ እናት እንባ ነው መሰለኝ" አልኳት። አልሳቀችም።

"ሦስቱም የቦይ ውሃ ነው" አለች። "ምላስዎ እንደማይቀምስ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ያንን ብናኝ አፉ ያስገባ ሰው ፊቱ ዝም አይልም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ማን ያምነኛል? የሚታመነው የእርስዎ ምላስ ነው ወይስ የእኔ?"

በምን ልካስሽ ብላት ገንዘብ አልፈልግም አለችኝ። "ተረቡን የጀመሩበት ቦታ ቆመው ይጨርሱት። ሰው ሞልቶ ሳለ።" ስላንቺም ጠየቅኋት። "ልጅቷ የነገሯትን ነው ያመነችው። እውነቱን ስትሰማ በእግሯ ትምጣ። በስልክ አልቀበልም።"

ስለዚህ ቅዳሜ ለደንበኞችሽ ያበላሸው አጎቴ ነው በያቸው፣ ስሜን ጠርተሽ። ከዚያ ነይና ቤቷ ሂጂ። እሺ ካለችሽ ብናኙ ስንት ውሃ እንደሚበቃው የምትወስነው እሷ ትሁን፤ ከረጢቱ አሥራ አራት ታካ ቢደርስም አትከራከሪያት። እኔ ደለሉን እነፋለሁ፣ ለዚያ ክንድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጀልባ ማቆሚያው በገበያተኛ ተሞልቷል። ይህን ለመርከቡ ጸሐፊ ሰጥቼ ቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ በር ነው የምሄደው። ሠላሳ ዓመት በእነዚያ ሰዎች ስስቅ ኖሬአለሁ። ዛሬ የመሳቅ ተራው የእነሱ ነው።

አጎትሽ ቶፋዘል
ስዋሩፕካቲ፣ ሐሙስ ረፋድ