አዳማ ተሰፍቶ ከጣሊያን ስለገባው ጫማ

ለተከበሩ የከተማችን የሕገወጥ ንግድ ቁጥጥር ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ፣ የውድ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ስንመላለስ ከመለመዳችን የተነሳ የልጆቻችንን ስም በቃሉ የያዘው የዘበኛዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኛ በቸርነቱ ደህና ነን፤ የአዳማም ነፋስ እንደ ወትሮው ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት፣ ቀደም ሲል በግል የጻፍኳቸው መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተኝተው ስላገኘኋቸውና መቀስቀሱ ድፍረት ስለመሰለኝ ነው።

እኔ ሸዋወርቅ ይትባረክ በቦኩ በኩል ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር የቆዳ ጫማ እሠራለሁ። ቆዳውን ከሞጆ እናመጣለን፤ መርዳሳ ይቆርጣል፣ ጉዲቱ ትሰፋለች፣ እኔ ደግሞ የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት፣ በፎርማ ላይ እወጥራለሁ፣ ሶል እለጥፋለሁ፣ ነጋዴም እለምናለሁ፤ ከሁሉም የሚያደክመኝ የመጨረሻው ነው። ለዘመን መለወጫና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ያዘጋጀነው ጫማ በሙሉ ባለፈው ወር በግብረ ኃይልዎ የኮንትሮባንድ ዕቃ ተብሎ ተጭኖ ሄዷል። በገዛ እጅ ሠርቶ በገዛ ከተማ ኮንትሮባንዲስት መሆን ለሁሉም የሚሰጥ ዕድል ስላልሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ አድናቆትዎ አመሰግናለሁ። ጫማዎቹ የተያዙት ውስጣቸው ላይ የጣሊያን ሥራ ነው የሚል ማኅተም ስለነበረ ነው፤ ያተምነውም እኛ ነን፣ አልክድም። ፍራንኮ ሰፈር ጫማ ቤት ያላት በድሪያ የመጀመሪያ ሥራችንን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «እህቴ፣ ጫማሽ ምንም አይወጣለትም፤ ግን የአዳማ ነው ካልኩ መደርደሪያዬ ላይ ያረጃል» አለችኝ። ማኅተሙን ስናደርግበት በሳምንቱ አለቀ፤ ሸማቹ ከባሕር ማዶ ካልመጣ አይረባም ብሎ አምኗልና። ስህተት ነው ካሉኝ አዎ፣ ስህተት ነው። ነገር ግን የእኛ ሥራ መሆኑን ስንናገር፣ ከመርማሪዎችዎ አንዱ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ «እንዲህ ያለ ስፌት እዚህ አገር አይወጣም፤ አታሞኙን» ብለዋል። ጉዲቱ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ተመስግና ስለማታውቅ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

፪. ስለ ማስረጃ አያያዝዎም አመሰግናለሁ። መርዳሳ የአርሲ ሁሩታ ሰው ነውና ነገር ማንዛዛት አይወድም፤ ቢላውንና ቁራጭ ቆዳውን ይዞ ቢሮዎ ድረስ በመምጣት «እፊታችሁ ልሥራና እዩት» ብሎ ነበር። የተሰጠው መልስ የእጅ ሥራ ሰነድ እንደማይሆን፣ ዲክላራሲዮን ማቅረብ እንዳለብን ነው። ዲክላራሲዮን ዕቃ በጉምሩክ ሲያልፍ የሚሰጥ ወረቀት በመሆኑ፣ ከቦኩ እስከ ፍራንኮ ባለው መንገድ ላይ ጉምሩክ ብንፈልግ ያገኘነው ባጃጅ የሚያስቆም አንድ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው፤ እሱም በትሕትና ማኅተም እንደሌለው ነገረን።

፫. ስለ ፍትሐዊነትዎ ያለኝ ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ከበድሪያ ሱቅ ፊት ለፊት ሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚቸረቸረው የላስቲክ ጫማ ተፈትሾ ወረቀቱ የተሟላ ሆኖ ተገኝቷል። ጫማው ከጥምቀት በፊት ይሰነጠቃል፤ ወረቀቱ ግን ደህና ወረቀት ነው። ለሚገዙት እናቶች ክፉ ቃል የለኝም፤ ሦስት ልጅ ያላት ሴት ለአንዱ የቆዳ ጫማ ገዝታ ሁለቱን በባዶ እግራቸው አትልክም። መርዳሳ ራሱ ሥራ የሚገባው ከውጭ በመጣ ነጠላ ጫማ ነው፤ ቀን ሙሉ የሚቆርጠውን ጫማ የመግዛት አቅም የለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቆዳው በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ይወጣል፣ ጫማው በሞጆ በኩል ይገባል፣ እኛ መሐል ቆመን የጭነት መኪና እናሳልፋለን። ሙጫው፣ ክሩ፣ ሶሉ፣ ምስማሩ ሳይቀር ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መርከብ የዘገየ ጊዜ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። የእኛ ነው የምንለው የቀረን እጃችን ብቻ ነበር፤ እሱም የእናንተ አይደለም ተባልን። እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዱ ይጠፋብኛልና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

፬. በመጨረሻም ስለ መፍትሔዎ። በእርስዎ መልካም ፈቃድ መውጫ ተገኝቶልናል፤ ጫማዎቹን ከውጭ አገር ያስገባሁት እኔ መሆኔን አምኜ ብፈርምና ቅጣቱን ብከፍል ዕቃው ይለቀቅልኛል፣ ካልፈረምኩ በሐራጅ ይሸጣል። ባልደረቦቼን ሰብስቤ አማከርኳቸው። ጉዲቱ «እንዳትፈርሚ! የገዛ እጄን ክጄ ማን ልባል ነው?» አለች። መርዳሳ ግን ቢላውን በሽርጡ እየጠረገ፣ «ማል ጎና፣ አዴ ሸዋወርቅ? ምን እናድርግ? ልጆቼ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ሰኞ መጥቼ ፈርሜያለሁ፤ ቅጣቱንም ከፍዬ ዕቃውን ተረክቤያለሁ። በፊርማዬ መሠረት መርዳሳ አልቆረጠም፣ ጉዲቱ አልሰፋችም፣ እኔም አልወጠርኩም፤ ስሙን የማላውቀው አንድ ጣሊያናዊ ሁሉንም ሠርቶ ልኮልኛል። መርዳሳ የልጆቹን ደብተር ገዝቷል። ጉዲቱ ግን ከሰኞ ወዲህ ሥራ አልገባችም፤ ስደውልላት አታነሳም፣ ቤቷ ብሄድም እህቷ በር ላይ ቆማ የለችም አለችኝ፣ ስትስል ግን ከውስጥ ይሰማኝ ነበር። በድሪያ በበኩሏ ደስ ብሏታል፤ ጫማው አሁን ወረቀት አለው፣ ዋጋም ጨምሩበት ትላለች። ከተማችን አንድ አምራች አጥታ አንዲት አስመጪ ስላገኘች፣ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ከየትኛው ስኬት ሥር እንደሚያስገቡን እርስዎ ያውቃሉ።

ሳልጠይቅ ለሰጡኝ አዲስ የሥራ መስክ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ ከላስቲክ ጫማ የበለጠ ዕድሜ እንዲኖረው ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞዋ ጫማ ሠሪ፣ የአሁኗ አስመጪ
ሸዋወርቅ ይትባረክ
አዳማ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይህችን ረስቼ፦ ዕቃውን ስረከብ አንድ ጥንድ ጎድሎ አገኘሁ፤ ቡናማ፣ ቁጥር አርባ ሁለት። ማንንም አልጠረጥርም። ጫማውን አድርገው ለሚያዩዋቸው ሰው ግን ይህን ብቻ ይንገሩልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ተረከዝ ላይ ትንሽ ይይዛል፣ ቆዳው እግራቸውን ሲለምድ ይለቃቸዋል። ስፌቱ የተፈታ እንደሆነም ጣሊያን ድረስ ለመላክ እንዳይቸገሩ፤ ቦኩ ይምጡ፣ የሰፋችው ሴት ከተመለሰች እንጠግንላቸዋለን።