ጓዳውን ያፈረስንበት ሳምንት

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡30

ከኪቦርዱ ቁልፎች መሃል የጫት ቅጠል በመርፌ እያወጣሁ ነው። ደርቋል። ተሾመ ትናንት ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ያየበት ኮምፒዩተር ነው። ለስላሳም ፈስሶበታል፤ ጣት ይይዛል። በዚህ ላይ ነው የሰው ሙሽራ የምናቀናብረው። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ሦስቴ ጠረግኩት፣ ሦስቴም ጥቁር ወጣ።

ዲስኩ ሞላ። ቀዩ መስመር ጥግ ደርሷል። ጥር ሲገባ በሳምንት አራት ሠርግ ይቀረጻል፤ የት ልናደርገው ነው?

የሚሞላው በሥራ ቢሆን ባልከፋኝ። አንድ ፊልም አምስት ቦታ አገኘሁ። ፎቶ ቤቱ የተሾመ ነው፣ ካሜራውንም የሚይዘው እሱ ነው፤ ከካሜራ ሲገለብጥ ግን ስም አይሰጥም። «አዲስ»። «አዲስ 2»። «አዲስ አዲስ»። «የመጨረሻ»። «የመጨረሻ እውነተኛው»። ስም ማውጣት የአንቺ ሥራ ነው ይለኛል። ማን እንዳገባ ሳይነግረኝ።

አራት ክፍል አድርጌ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ ደብተሬ። ዲስኩ አንድ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ግድግዳ አለ። አንደኛው ክፍል ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚኖርበት፣ ማንም የማይነካው። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ። ሦስተኛው ያለቀ። አራተኛው ጓዳ፦ ያልተቀናበረ፣ ባለቤቱ ያልመጣለት። ተሾመ ለምን ትከፋፍይዋለሽ ሲለኝ፣ ዱቄትና ጋዝ አንድ ላይ አይቀመጥም አልኩት። ለጓደኞቹ ሁሉ እየተናገረ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ኢንጂነር ሆነ።

ያስተማረኝ የለም። ለጽዳት ነው የገባሁት። አንድ ኮሌጅ የጣለውን የኮምፒዩተር ማስተማሪያ ባለሱቋ በርበሬ ትጠቀልልበት ነበር፤ እየለመንኩ ለቀምኩ። ገጽ 41 የለኝም። በርበሬ ይዞ የማን ቤት እንደገባ እንጃ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9

ነፋስና አቧራ። በር ስንዘጋ ይሞቃል፣ ስንከፍት አፈር እንበላለን።

ተሾመ ምን ይጥፋ አለኝ። ጓዳውን በቀን ደረደርኩት። ሁሉም 2016 እና 2017። ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ማን በስምንት ዓመቱ የሠርጉን ቪዲዮ ሊወስድ ይመጣል? እነዚህ ተፋትተው ይሆናል አልኩ በሆዴ። አልከፈትኩም። አንዱንም። «ሁሉም ይሂድ» አልኩት።

«እግዜር ይስጥሽ ኢንጂነር» አለኝ። ግድግዳውን አፈረሰ፣ ጓዳውን ወደ ሦስተኛው ክፍል ቀላቀለ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ወዲያው የቅዳሜውን የቢሾፍቱ ሠርግ መገልበጥ ጀመረ።

ደስ አለኝ። ይህንንም ጻፊልኝ። ቆሻሻ የወጣበት ቤት ሲታይ የሚሰማኝ ደስታ ተሰማኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ። 6 ሰዓት

አንዲት እናት ከወንጂ መጡ። እማማ ጫልቱ። ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል፣ ወንበር ስሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ልጃቸው ሌንሳ የተዳረችው ባለፈው ጥር ነው። ተሾመ ነው የቀረጸው። ከሠርጉ በኋላ ባላቸው ኦቦ ደቻሳ ታመሙ፣ ቪዲዮውን ነገ እንወስዳለን ሲሉ ሐምሌ ላይ አረፉ። አሁን ሌንሳ ወንድ ልጅ ወልዳ አርባው እሑድ ይሞላል። ክርስትና ነው። የአያቱን ምርቃት ሕፃኑ ጆሮ ላይ ማሰማት ይፈልጋሉ። ቴሌቪዥን ከጎረቤት ተበድረዋል።

«ዕድሜውን ሙሉ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ የተናገረውን ብትሰበስቢው አንድ ጣሳ አይሞላም» አሉኝ። «ያን ቀን ግን ተነስቶ መረቀ። እኔም ደነገጥኩ፣ ይሄ ሰውዬ ይናገራል እንዴ ብዬ!» ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ በእጃቸው ሸፈኑት።

ተሾመ ፈለገ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የለም። ሦስተኛውም ውስጥ የለም። አየኝ። አየሁት። የባለፈው ጥር ነው፣ የስምንት ዓመት አይደለም፣ እንዴት ይጠፋል? ሊሆን አይችልም። ግን የለም።

ነገ ይምጡ እማማ፣ እያቀናበርነው ነው አላቸው። እንዲህ ያለ ውሸት ከአፉ ሲወጣ ፊቱ አይለወጥም። ከወጡ በኋላ «ከመጡ ቫይረስ በላው በያቸው» አለኝ። ሁልጊዜ የምንለው ነው። እዚህ ቤት ቫይረስ ያልበላው የለም። የሰው ልደት፣ የሰው ለቅሶ፣ የሰው ምርቃት። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ።

ያቺን እናት ነገ ከወንጂ ላስመላልሳት ነው? ሮጬ ታክሲ ተራ ደረስኩባቸው። ነገ አይምጡ፣ ስልክ ይስጡኝ፣ እኔ እደውላለሁ አልኳቸው። የልጃቸውን ቁጥር ከቦርሳቸው ካወጡት ወረቀት ገለበጥኩ። እጄን ይዘው መረቁኝ። ይህ ነው የባሰብኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡15

ተሾመ ሳይገባ መጣሁ። ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፤ ማንም እንዳይጽፍበት።

አንድ ነገር አውቃለሁ፣ ገጽ 38 ላይ አለ። ግድግዳ ስታፈርሺ እቃው አይወጣም። ኮምፒዩተሩ «እዚህ ክፍል ነበር» የሚለውን ወረቀት ነው የቀደደው። እቃው ባለበት ቁጭ ብሏል፣ አዲስ እቃ እላዩ ላይ እስኪጫንበት። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ የቢሾፍቱ ሠርግ የት ላይ ተኛ?

ፈላጊውን ፕሮግራም ከፈትኩት። ከዳር እስከ ዳር ያነብባል። በጣም ቀርፋፋ ነው።

6፡40

ተሾመ ጮኸ። ሥራ አስቆምሽብኝ፣ የቢሾፍቱ ሰዎች ነገ ይመጣሉ፣ አንቺ ሴትዮ ዲስኩ ያንቺ ነው እንዴ? የእኔ አይደለም። አልተነሳሁም። ችፕስ እየበላ በቅባት ጣቱ ስክሪኑን ነካ፣ «ስንት ደረሰ?» 61 በመቶ። የጣቱ አሻራ 61 ላይ ቀረ።

8፡05

መብራት ሄደ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈው፤ ተሾመ እግር ማሳረፊያ አድርጎታል። ከዜሮ መጀመር አለብኝ። ለማን ልናገር?

11 ሰዓት

መብራት መጣ። ጀመርኩ። ተሾመ ደክሞት ሄደ። ማሽኑን ከፍቼ ሄድኩ፣ ዘበኛውን እንዳያጠፋው አስማልኩት።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ። 5 ሰዓት

አለቀ። ከሺህ በላይ ፋይል፣ ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው።

ሰው ሲበላ ማየት ሰለቸኝ። ተሾመ አፍ ይወዳል። ኬክ የሚያኝክ አፍ፣ ሥጋ የሚያኝክ አፍ፣ እስኪሞላ ድረስ ተጠግቶ። ሙሽራዋ ስታለቅስ ዞር ይልና አጎቷ ሲጎርስ ይቀርጻል። አንድ ሰው ከጥርሱ መሃል ሥጋ በሹካ ሲያወጣ አራት ደቂቃ! ዛሬ ምሳ አልበላም።

8፡30

አገኘሁት። ከቀዩ አፈር በላይ ሸንኮራ ከበር ግራ ቀኝ ቆሟል። ሌንሳ። እማማ ጫልቱ በአዲስ ቀሚስ፣ እዚያም እጃቸው አፋቸው ላይ። ከኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ ኮታቸው ትከሻው ሰፊ ነው፣ የሌላ ሰው ይመስላል። ገና አልተናገሩም።

ቀኑን አየሁ። ከታች ጥግ፣ ምስሉ ላይ ታትሟል። 2017።

ባለፈው ጥር በእኛ 2017 ነው።

9 ሰዓት

ወደ ኋላ ገለጥኩሽ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ መስከረም 9። በራሴ እጅ፦ «ዛሬ የካሜራውን ዓመት በእኛ አስተካከልኩ። ደንበኞች ሠርጋችን ላይ የፈረንጅ ዓመት ምን ይሠራል እያሉ ያማርሩ ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ካሜራው ፌብሩዋሪ መስሎት ቀኑ ይዛነፋል፣ ዓመቱ ልክ ከሆነ ማን ግድ አለው። ተሾመ ጎበዝ አለኝ።»

ጎበዝ።

ያ ካሜራ ፋሲካ ላይ ተሸጠ። ከእጄ ሲወጣ ከልቤም ወጣ። አዲሱ ካሜራ የፈረንጁን ነው የሚያትመው። እኔም ማክሰኞ ተቀምጬ የገዛ እጄን ሥራ የስምንት ዓመት ቆሻሻ አልኩት። ሳልከፍት። ተሾመ ያፈረሰው እኔ ያሳየሁትን ግድግዳ ነው።

አንቺ ታውቂ ነበር ደብተሬ። አምስት ቀን ሙሉ ጫቱን፣ ቅባቱን፣ አፉን ስጽፍብሽ ይህ ገጽ እዚያው ነበር።

እጄን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። 4 ሰዓት

የተገኘው ይህ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፦ ሙሉ። ዘፈኑ፦ ግማሽ። ምርቃቱ፦ ሽማግሌው ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ አረንጓዴና ሮዝ አራት ማዕዘን ስክሪኑን ይሞላል፣ ድምፁም ይንጫጫል። የቢሾፍቱው ሠርግ ልክ እዚያ ላይ ነው የተኛው። ከዚያ ሁሉ የአፍ ክምር መሃል የእሳቸውን አፍ መርጦ።

ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። ፊታቸው አይመጣም።

6 ሰዓት

ቆይ። ተሾመ ለምርቃት ጊዜ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ድምፁ ለብቻው ፋይል ነው፣ ትንሽዬ። ትንንሾቹን ንቄ አልከፈትኳቸውም ነበር።

7፡20

አለ። ሙሉው አለ።

መጀመሪያ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አንዱ ዝም በሉ ይላል። ከዚያ እሳቸው። ቀስ ብለው፣ የሰው ዕቃ እንደተሸከመ። ኦሮምኛዬ ብዙ አይደለም ግን ይህን እሰማለሁ። ውለዱ። ክበዱ። ጥላ ሁኑ። ልጃችሁ ከእኔ ይበልጥ። «ሆራ ቡላ!» ይላሉ፣ ተባዙ ኑሩ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ «ሃ ታኡ!» ይመልሳል፣ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ያቆማሉ፣ ረጅም ዝምታ፤ እማማ ጫልቱ ከሩቅ «አይዞህ፣ ጨርሰው» ይሏቸዋል። ሰው ይስቃል። ይጨርሱታል።

ዘጠኝ ደቂቃ። በፍላሽ ገለበጥኩት። በሁለተኛ ፍላሽም። ስም ሰጠሁት፦ የኦቦ ደቻሳ ምርቃት፣ ጥር 2017 በእኛ አቆጣጠር። «በእኛ አቆጣጠር» የሚለውን ሙሉውን ጻፍኩት።

9 ሰዓት

ተሾመ ሰማ። ደስ አለው፣ ትከሻዬን መታ። ዕቅድ አወጣ፦ ከአልበሙ ፎቶ እንደርድርበት፣ ከሥሩ ድምፁን እናስገባ፣ ጽጌረዳ ይዝነብበት፣ «መታሰቢያ» ብለን እንስጣቸው። ይህ እንዲያውም ያምራል፣ የጠፋ ነገር እንዳለ በምን ያውቃሉ አለ።

ያምራል። እውነት ነው፣ ያምራል። ያስጠላኝም ማማሩ ነው። እማማ ጫልቱ የሚያውቁት ነገር አለ እኮ፦ የባላቸውን ፊት። ሲናገሩ ምን ይመስል እንደነበር። ጽጌረዳ እላዩ ላይ ሲዘንብ ዓይናቸው ያንን ፊት ሲፈልግ፣ የረሱት እሳቸው እንደሆኑ ይመስላቸዋል።

አይሆንም አልኩት። አልጮህኩም።

«እና ምን ልትያቸው ነው?»

እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላለሁ አልኩት።

ደንበኛ ታባርሪያለሽ አለ። ከዚያ፣ ኢንጂነር ሳይል፣ ቢያንስ በስልክ ንገሪያቸው አለኝ። በስልክ አልናገርም። በስልክ ውሸት ይቀላል።

ከመውጣቴ በፊት ዲስኩን እንደገና ከፈልኩት። ጓዳው ተመልሷል። የተገኘው ሁሉ እዚያ ገባ። ሌሎችም ጠያቂ አላቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ እየከፈትኩ፣ እያየሁ፣ ስም አወጣለሁ። አፎቹንም አያለሁ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ። ጠዋት 1፡10

የወንጂ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ለሌንሳ ደውዬ ቤታቸውን ብቻ ጠየቅኳት። ሦስት ሰው ጎድሎታል፣ ረዳቱ ወንጂ ወንጂ እያለ በሩን ይደበድባል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዶሮ ይዛለች፤ ከዘንቢሉ አንገቱን አውጥቶ የምጽፈውን ያያል።

ፍላሹ በመሐረብ ታስሮ ጡቴ ሥር አለ። ሁለተኛው ቦርሳዬ ውስጥ። ገጽ 38ንም ይዣለሁ፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ለእማማ ጫልቱ ግድግዳና እቃ ብዬ ላስረዳቸው አይደለም።

የምለውን ተለማመድኩ። «እማማ፣ ቫይረስ አይደለም። ቀኑን በእኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ረስቼ ይጣል ያልኩትም እኔ ነኝ። ፊታቸው የለም። ድምፃቸው ሙሉ ነው።» በዚህ ቅደም ተከተል። ድምፁን አላስቀድምም፤ ካስቀደምኩ ይመርቁኛል፣ ከመረቁኝ ደግሞ ሌላውን አልናገረውም።

ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ካባረሩኝ ፍላሹን በር ላይ ለሌንሳ ሰጥቼ እመለሳለሁ።

ሁለት ሰው ገባ። ዶሮውን ወደ እኔ ገፉት። ረዳቱ ጠጋ በይ እናት ይለኛል፣ ልትጽፊ ነው ወይስ ልትሄጂ? ደብተሬ፣ ልዝጋሽ።