የአንድ ሰዓት ተኩሉ እርምጃ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ የምትመልስልኝ ስለሌለ የእኛን ልንገርህ፤ ደህና ነን። እማዬ ሳሎኑን አንተ እንቢ ባልከው ቢጫ ቀለም አስቀባችው። አምሮበታል፣ ይቅር በለን። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሜዲካል ዲስትሪክት፣ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ይዣለሁ። ሺፍቴ የቀን ስለሆነ ማታ ማታ እቤት ነኝ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቀለም አይደለም። ሲቆረቁረኝ የኖረ ነገር ዘንድሮ ወጣልኝ። ላንተ ያልነገርኩትን ለማን ልንገር?

ያ የማታ እርምጃህ ትዝ ይልሃል መቼም። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ ትውልና፣ እራትህን በልተህ፣ ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ትነሳለህ። እማዬ የአገር ቤቱን ዜና የምትከፍተው በዚያው ሰዓት ነው። አንተ ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮቱ ታዞረውና ኮፍያህን አድርገህ ውልቅ ትላለህ። እሷ እያጉረመረመች ትመልሰዋለች። "ቀን በቲፕ፣ ማታ በነፃ! እግር ነው ወይስ ጎማ?" ትልህ ነበር። ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ገና እየፈላ እንኳ አትቀርም። እኛ ስኳርህን ለማውረድ ነው ብለን ደመደምን። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆችህ ጋሽ ታዬና ጋሽ በላይም ስኳር ሲገኝባቸው ተከተሉህ፣ ሰፈራችንን ሴንቴኒያል ሂልስን በየማታው ሦስት ሆናችሁ ትዞሩት ጀመር።

በወጣትነትህ ፖላንድ፣ ሉብሊን ከተማ እንደተማርክ አውቃለሁ። ስለ ብርዱና ስለ ድንቹ እንጂ ሌላ አውርተኸን ግን አታውቅም። እኔም ለአንድ ሴሚስተር እዚያው ሄጄ ልማር ስልህ እንዴት ደስ ብሎህ ነበር! ሰኔ ላይ ግን ተጣላን። ሴቶች ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለውን ሕግ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ፣ ከክፍል ጓደኛዬ ከዞሻ ጋር ልወጣ ነው አልኩህ። ልጆቹን ብታያቸው አባዬ! መፈክራቸውን በፒዛ ካርቶን ላይ በማርከር ይጽፋሉ፤ ተቆጥተውም ይሳሳቃሉ። አንተ በስልክ "አትውጪ፣ የሰው አገር ነው" አልከኝ። እኔም አፌን ሳልይዝ "አንተ እኮ ዜና ሲጀምር እንኳ ከቤት የምትሸሽ ፈሪ ነህ" አልኩህ። አንተም "እንግዲያው ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጊ" ብለህ ዘጋኸው። በሰኔ ሙቀት! ወሬ ያስቀየርክ መሰለኝ።

ስመለስ ኤርፖርት ተቀበልከኝ፣ ሻንጣዬን ዊልቸር ላይ ጭነህ እየገፋህ አወጣኸኝ። ነገሩን ሁለታችንም አላነሳነውም። በሦስተኛው ወር ልብህ ቆመ። ፈሪ እንዳልኩህ ሄድክብኝ።

ዘንድሮ ዞሻ ስታገባ ጠርታኝ ሉብሊን ሄድኩ። አያቷ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ቤታቸው ስደርስ ከዞሻ ጋር በምርጫ ጉዳይ እየተጨቃጨቁ ነበር፤ "እናንተ ከበሮ ካልተመታ ተቃውሞ አይመስላችሁም" ይሏታል። ድሮ ወታደራዊ አዋጅ ታውጆ መሰብሰብም መጮህም ሲከለከል፣ የመንግሥት ዜና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲጀምር፣ የከተማው ሰው ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮት እያዞረ መንገድ ይወጣ ነበር አሉን። ውሸታችሁን አንሰማም ማለታቸው ነው። በሕፃን ጋሪ ቴሌቪዥን ጭኖ የሚንሸራሸርም ነበር። የውጭ አገር ተማሪዎች ሳይቀሩ አብረዋቸው ይሄዱ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚራመድን ሰው በምን ያስሩታል? "እናቴ ውጪ ብላኝ አታውቅም፣ ትፈራ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጊ ነበር የምትለኝ። በረዶ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው።"

ኬኬን እንደ ጎረስኩ አለቀስኩ። ሰዎቹ ኬኩ ያልተስማማኝ መስሏቸው ውኃ ሲያቀርቡልኝ ሳቄ መጣ። አባዬ፣ ለካ ፈቅደህልኝ ነበር። ፈሪ ያልኩህን ይቅር በለኝ፤ ይቅር ብለኸኝ እንደነበር ባውቅም ልጠይቅህ እፈልጋለሁ።

እንደተመለስኩ ለወዳጆችህ ነገርኳቸው። ጋሽ ታዬ "አሥር ዓመት ሙሉ ሳናውቀው ስንቃወም ኖርን በይኛ!" ብለው በሳቅ ሞቱ። ጋሽ በላይ "ይሁን፣ ስኳሬም ወርዶልኛል" አሉ። እማዬ ደግሞ በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ዜናዋን ከፈተች፣ ቴሌቪዥኑን ራሷ ወደ መስኮቱ አዞረችውና ስኒከሯን ፍለጋ ገባች።

አሁን በየማታው አራት ሆነን እንወጣለን። ጋሽ ታዬ ከፊት፣ እማዬ እያጉረመረመች ከኋላ፣ አንተ ትዞርበት በነበረው ጥግ እንዞራለን። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ በሕይወት እስካለሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እነሳለሁ። ጫማዬም ሶሉ ወፍራም ነው፣ አታስብ።

ልጅህ ሕሊና