ፊደል የቆጠረው እግር

ዓርብ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

በረንዳ ላይ ነኝ። ጋዜጣው አልቋል፣ ፀሐይዋ ገና ናት። ባለቤቴ አስካለ ሳሎኑንና ጓዳውን በሰም ትወለውላለች። ሲሚንቶው ፊቷን ካላሳያት ዓርብ ዋለ አትልም። ተነስተህ ግቢ ውጣልኝ ብላኛለች፤ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ውሃ ከረቡዕ ጀምሮ የለም። የጓዳው ቧንቧ እንደወትሮው ክፍት፣ ከሥሩ ባዶ ጀሪካን። ውሃ ስትመጣ ጀሪካኑን እየደበደበች ትጠራናለች። ካዛንቺስ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሌላ ወሬ የለም። ለገሃር ወርጄ የሬዲዮ ባትሪ መግዛት አለብኝ። ነገ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት በኋላ

ባትሪው ቀረ። ስማኝ፣ ማስታወሻዬ። ትናንት አንተን ዘግቼ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ውሃ መጣች። አስካለ አጥር ጋ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች። ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ጓዳው ሐይቅ ከሆነ በኋላ ሰማች። ሮጠች። አዲስ ሰም፣ ላዩ ላይ ውሃ። እኔን የቀሰቀሰኝ የመውደቋ ድምፅ ነው።

ስደርስ ውሃው ውስጥ ተቀምጣለች። ቀኝ እግሯ ወደማይሆን ጎን ዞሯል። መጀመሪያ ያለችኝ «ቧንቧውን ዝጋው እንጂ፣ ውሃው እኮ አለቀ!» ነው። ዘጋሁ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ወለሉ ላይ ያለውን በጨርቅ እየጨመቅህ ለሽንት ቤት አጠራቅም አለችኝ። የኔ ልብ ሊወጣ ደርሷል፣ እሷ ስለ ውሃ ታስባለች።

ኮንትራት ታክሲ። ራጅ። ቁርጭምጭሚት፣ ሁለት ቦታ። ጀሶ እስከ ጉልበት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በስልሳ ሦስት ዓመት አጥንት እንደ ልጅነት አይገጥምም፣ ያለ ድጋፍ ትሄዳለች ብዬ ቃል አልገባም አለ። ይህን ሁሉ የሚነግረው ለእኔ ነው። እሷ መሃላችን ተጋድማ ጣሪያ ታያለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት

ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን በጋራዥ ግምጃ ቤት የፈጀሁ፣ የእያንዳንዷን ብሎን መደርደሪያ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ የገዛ ቤቴን ጨው! አልጋ ላይ ሆና ታዘኛለች። ወደ ግራ፣ ከፍ በል፣ ጣሳው አይደለም ብልቃጡ። ሽሮ ሠራሁ። ቀመሰችው። ለግድግዳ ልስን ይሆናል አለች። ሳቅን። ግን ጨረሰችው።

ዛሬ የሚካኤል ማኅበሯ ነው፤ ቀረች። እኔ አባል አይደለሁም፣ ግን ላስረዳህ። ማኅበርተኞቹ በወር በ12 በየተራ ይደግሳሉ። ድግሱ ሲያበቃ ቀጣይዋ ተረኛ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በእግሯ፣ እየተዘመረላት ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። በወሩ እሷ ትደግሳለች። አስካለ ታኅሣሥ 12 ከወ/ሮ ፅጌ ቤት ተቀብላ ጥር 12 ልትደግስ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና በጣቷ ወራቱን ቆጠረች። ይደርስልኛል፣ በእግሬ ሄጄ አመጣዋለሁ አለች። የሐኪሙን ፊት አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25

ነጭናጫ ሆኛለሁ። ወገቤን። ባልዲ፣ ድስት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ደግሞ ባልዲ። ይህን ሁሉ ዕድሜ ልኳን ማን ይሠራው ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ፣ አትንገረኝ።

ሰው እንደጉድ ይመጣል። ሁሉም በር ላይ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል። የአጥሯ ጎረቤታችን ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ፣ ላምጣላችሁ አለች። አስካለ፣ ጀሶውን ማሸት ከቻለ ይምጣ አለቻት። ወንበር እየገፋች በአንድ እግሯ እስከ በረንዳ ደርሳለች። ወንበሩ ወለሉን ይቧጭራል፣ የምትሳሳለት ሰም እየተላጠ ነው። ቃል አልወጣትም። እኔ ብሆን ቤቱን በእሮሮ አፈርሰው ነበር። ይህን ለሷ አልነግራትም፤ ላንተ ግን ልንገርህ፣ ትገርመኛለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ማታ

ጀሶው ወለቀ!! እግሯ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፍቶ። አየችውና ይኼ የማን ነው፣ የኔን መልሱልኝ አለች። ሐኪሙ እንኳ ሳቀ።

ሐኪም ቤት እንቅስቃሴ የምታሠራት ልጅ ጎበዝ ናት። ቁርጭምጭሚቱ እንዲፈታ በእግር አውራ ጣት አየር ላይ ኤ ቢ ሲ መጻፍ ነው አለቻት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አስካለ ያንን አላውቀውም፣ የራሴን ብጽፍስ አለች። ልጅቷ፣ እማማ፣ የኛው እኮ ከነዘሩ ከሁለት መቶ ይበልጣል። አስካለ፣ ታዲያ ቶሎ አልድንም?

ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ልጃችንን ሂሩትን ወልዳ፣ ጡት እያጠባች፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ። እኔ ያኔ ምን ያደርግልሻል ብያት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26

ዛሬ «ቀ» ላይ ደርሳለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። ካዕቡ ላይ ያማታል፣ መቀጠያው ወደ ጎን ስለሆነ። ሲያማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው የምትለው። «ቁ!» ግንባሯ በላብ ይረጥባል። ጋዜጣ ከፍቼ አነባለሁ። አላነብም። በጋዜጣው ጠርዝ እሷን ነው የማየው። ከተጋባን ስንት ዘመናችን፣ እንደ አዲስ ወደድኳት። በቃ፣ ጻፍኩት።

ልጃችን ሂሩት ከኦሎምፒያ፣ ከቢሮ በቀጥታ መጣች። ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። «ባባ፣ ማለቴ፣ ይኼ የጽዋ ነገር ዘንድሮ ይቅር በቃ። እንደገና ብትወድቅስ? ሪስክ ነው እኮ! አንተ ንገራቸው፣ እሷ እንደሆነች እምቢ ነው የምትለው።» ልክ ናት። ያን ድምፅ የሰማሁት እኔ ነኝ። ዳግመኛ መስማት አልችልም።

እሑድ፣ ኅዳር 27

ነገርኳቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ አቶ ደምሴ ናቸው። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አስካለ ዘንድሮ አትችልም፣ ተራዋን ለሌላ አሳልፉት አልኩ። እሳቸውስ ምን አሉ ብለው አልጠየቁኝም። አዘኑ፣ እግዜር ይማርልን አሉ፣ እሺ አሉ። እንዴት ቀላል ነበር። እቤት ስገባ «ተ»ን ጨርሳ እያጨበጨበች ነው የጠበቀችኝ። ምሳ አልበላ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 30

አወቀች። ወ/ሮ ፅጌ ሊያጽናኗት መጡ። ሌላ ተረኛ ተገኝቷል፣ አንቺ ብቻ ዳኚ አሏት። አስካለ የማያውቁትን ሰው እንደምታይ አየችኝ። ለወ/ሮ ፅጌ ሻይ ቅዳላቸው አለች። ቀዳሁ።

ሲወጡ ትጮኽብኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ። ምነው በጮኸች። እግሯን ወደ አልጋው አወጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዛሬ ፊደል የለም። «ነ» ላይ ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3

አታኮርፍም፣ ይህ ነው የከፋው። ስጠይቃት ትመልሳለች። እሺ፣ የለም፣ ይበቃኛል። ጀሶው ሲወልቅ የሰጧት ከዘራ በር ጥግ ቆሟል፣ አልነካችውም። ቀልድ ሞከርኩ፣ ስለ ሽሮዬ። አልሳቀችም። ይቅርታ አልኳት። ለኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ እኔ ግን እግሬን ብቻ የሰበርኩ መስሎኝ ነበር አለች። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። አለቀስኩ እንዴ? አዎ።

ለሷ ጽዋው ድግስ አይደለም። ገና ሰው ነኝ ማለቷ ነው። እኔ ሄጄ አይደለችም አልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4፣ ከሰዓት

ቤ/ክ ደርሼ ስመለስ መስኮቱ ክፍት ነው። ድምጿ። «ኘ… ኙ…» ከቆመችበት። ለማንም ሳታሳይ፣ ማንም ሳያበረታታት። ውጭ ቆሜ እስከ «ኞ» አዳመጥኩ። የዚችን ሴት ልብ ከምን እንደሠራው እግዜር ይወቅ።

ስገባ ልብሷን ቀይራለች። አቶ ደምሴን ጥራልኝ፣ ሻይ አፍላ፣ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጥና አትናገር አለችኝ። ጠራሁ፣ አፈላሁ፣ ተቀመጥኩ። አቶ ደምሴ እንደ ጠያቂ ሰው ገቡና ወደ እኔ ዞረው እንዴት ናቸው አሉኝ። እሷ ቀደመቻቸው። «አቶ ደምሴ፣ የተሰበረው እግሬ ነው፤ አፌ ደህና ነው። ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

ሰውየው በጣታቸው እኔን ጠቆሙ። «የደከሙ መስሎኝ፣ አቶ ታደሰ ስላሉኝ፣ ማለቴ…» አሉ። እኔ ወለል ወለሉን አያለሁ። ከዘራዋን አንስታ ከአልጋው እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። አነከሰች። አልደበቀችውም። እንዲህ ነው የምሄደው፣ ካልቻልኩ አልችልም የምለው እኔ ነኝ አለች። አቶ ደምሴ ተነስተው እጅ ነሱ። ተራው ተመለሰ።

ከሄዱ በኋላ ሻይህ ስኳር በዝቶበታል አለችኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይበርድ።

ከወ/ሮ ፅጌ ቤት 10 ሰዓት ላይ ወጣን። እኔ የመጣሁት ልሸኝ ነው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እጇ ላይ ተደረገ። ሁለት እጅ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ከዘራውን ለኔ ሰጠችኝ። እንዳትይዘኝ አለች። እሺ። ከኋላ ሆንኩ። ሂሩት ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ዝማሬው ተነሳ። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት፣ እያነከሰች፣ ሌላው ሁሉ በሷ ርምጃ። ሚኒባስ እንኳ ቆሞ አሳለፈን፣ ረዳቱ ከመስኮት ወጥቶ እልል አለ።

ዳገቱን ጨርሰን መታጠፊያው ላይ አዲስ ጉድ። ትናንት ያልነበረ ቦይ፣ ቧንቧ ሊቀብሩ ቆፍረው ሳንቃ ጣል አድርገውበታል። ጠባብ። ይወዛወዛል። ቆመች። ዝማሬውም ቆመ። ሂሩት «ባባ!» አለችኝ። እግሬ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። አስካለ ሳንቃውን አየች፣ ጽዋውን አየች። አስባ ነው ዞር ያለችው። «ታደሰ፣ ና።»

ሄድኩ። ክንዴን ዘረጋሁላት። ክንዴን አይደለም የፈለገችው። ጽዋውን እጄ ላይ አስቀመጠች። እኔ፣ አባል እንኳ ያልሆንኩት! ከዘራዋን ተቀበለችኝ፣ ሳንቃውን ነካ ነካ አደረገች፣ በጎኗ፣ አንድ አንድ ርምጃ፣ ተሻገረች። በኋላዋ እኔ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማዶ ስደርስ ከዘራውን መለሰችልኝ፣ እጆቿን ዘረጋች። ሰጠኋት። እልልታው! ሂሩት እንደ ሕፃን ታለቅሳለች፣ በቃ እኔ አልቻልኩም ትላለች።

ጀግና ማለት ሳንቃው ላይ ዘሎ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። የምትችለውንና የማትችለውን ራሷ ለይታ፣ ሳታፍር፣ ጉዞዋን የቀጠለችውን ሴት ዛሬ አየሁ። ኮራሁ። ሚስቴ ናት።

ቤት ገብተን ጽዋው ቦታውን ያዘ። ሰው ዳቦ እየበላ። አቶ ደምሴ እንደለመዱት ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ ለጥር ድግስ ወ/ሮ አስካለ ይችላሉ ይመስልዎታል አሉኝ። ከልምድ አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። «ያቻትና አቶ ደምሴ፣ ይጠይቋት» አልኩ። ጠየቋት። የመለሰችውን አልሰማሁም፣ ብቻ ሁሉም ሳቀ።

ወስኛለሁ፣ ማስታወሻዬ፣ ምስክሬ ሁን። ከዛሬ ወዲያ አስካለ እንዴት ናት የሚለኝን ሁሉ ወደ አስካለ እልካለሁ። ሐኪሙንም። ሂሩትንም። ራሴንም ጭምር፣ ምክንያቱም እኔም ብዙ ዘመን ሳልጠይ…

እየጠራችኝ ነው።